ወንጌላዊ አንግሊካን

ወንጌላዊ አንግሊካን በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋና የእምነት ዘርፎች አንዱ ነው። ራሱን የቻለ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ተከታዮቹ በአንግሊካን ጳጳሳት ሥር የሚተዳደሩና ከሌሎች አንግሊካኖች ጋር የሚያመልኩ ምዕመናን ናቸው። በኢትዮጵያ «ወንጌላውያን» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ለፕሮቴስታንቶች በሙሉ ስለሚሰጥ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የሉተራን እንጂ የአንግሊካን ወገን አይደለችም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መለያዎች

የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ቤቢንግተን በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የወንጌላውያንን መለያ በአራት ነጥቦች አስቀምጧል፦

• መለወጥ፦ ሰው በግሉ ንስሐ ገብቶ ማመን አለበት።
• መጽሐፍ ቅዱስ፦ ለእምነትና ለኑሮ የመጨረሻው ሥልጣን ነው።
• መስቀል፦ የክርስቶስ ሞት የደኅንነት መሠረት ነው።
• ተግባር፦ እምነት በስብከትና በበጎ ሥራ መታየት አለበት።

እነዚህ አራቱ በባፕቲስቶችና በሌሎችም ዘንድ ይገኛሉ። ወንጌላዊ አንግሊካንን የሚለየው ከጳጳሳት አስተዳደር፣ ከተጻፈ የጸሎት ሥርዓትና ከሕፃናት ጥምቀት ጋር አንድ ላይ መያዙ ነው።

በአጥቢያ ውስጥ

ልዩነቱ በሰንበት አምልኮ ላይ ይታያል። በአንግሎ ካቶሊክ አጥቢያ ዕጣን፣ ልብሰ ተክህኖና ቅዱስ ቁርባን ጎልተው ሲታዩ፣ በወንጌላውያኑ አጥቢያ ስብከት ሰፊውን ቦታ ይይዛል። ብዙዎቹ ቁርባን የሚቀርብበትን ስፍራ «መሠዊያ» ከማለት «ጠረጴዛ» ማለትን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም የክርስቶስ መሥዋዕትነት አንድ ጊዜ ተፈጽሟል፣ አይደገምም ብለው ያምናሉ። በሳምንቱ መካከል በየቤቱ ተሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናትም የተለመደ ነው።

የጥምቀት ክርክር

ሕፃን ሲጠመቅ ወዲያውኑ ዳግም ይወለዳልን? ወንጌላዊው ቄስ ጆርጅ ጎርሃም ጸጋው ያለ ቅድመ ሁኔታ በጥምቀት አይሰጥም በማለቱ፣ የኤክሰተር ጳጳስ ሄንሪ ፊልፖትስ በአዲሱ አጥቢያ ሊሾመው አልፈቀደም። ጉዳዩ እስከ ንጉሣዊው ምክር ቤት የፍርድ ኮሚቴ ደርሶ በ1850 ለጎርሃም ተፈረደለት። ውሳኔው የወንጌላውያኑ አመለካከት በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ እንዳለው አረጋገጠ። በሌላ በኩል ሄንሪ ማኒንግን የመሰሉ ሰዎች ከውሳኔው በኋላ ወደ ሮማ ካቶሊክ ገብተዋል።

ታሪክ

ዘርፉ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ በተነሣው መነቃቃት ነው። የጆን ዌስሊ ተከታዮች በኋላ ተለይተው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንን ሲመሠርቱ ሌሎች በአንግሊካን ውስጥ ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ቻርለስ ሲሚዮን በ1782 በካምብሪጅ ቅድስት ሥላሴ ሲሾም፣ ያልፈለጉት ምዕመናን መቀመጫቸውን ቆልፈው ሄዱ፤ ሊሰሙት የመጡት ቆመው ያዳምጡ ነበር። እርሱ ግን እስከ ሞተበት 1836 ድረስ በዚያው አገለገለ። የፓርላማ አባሉ ዊልያም ዊልበርፎርስም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ የብሪታንያ የባሪያ ንግድ በ1807 በሕግ እንዲታገድ ታግሏል።

በ1799 በወንጌላውያኑ የተመሠረተው የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት ነበረው። የማኅበሩ መልእክተኛ ዊልያም ጆወት አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1820 በግብፅ ለብሪታንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቷል። ወደ ኢትዮጵያ የተላከው ሳሙኤል ጎባትም በኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆኗል።

መቆየት ወይስ መውጣት

በ1966 በለንደን በተደረገ ጉባኤ ሰባኪው ማርቲን ሎይድ ጆንስ ወንጌላውያን በልዩ ልዩ ቤተ ክርስቲያናት ተበታትነው ከሚቀሩ በአንድነት እንዲቆሙ ጠየቀ። ብዙዎች ንግግሩን «ውጡ» እንደ ማለት ወሰዱት። ስብሰባውን ይመራ የነበረው የአንግሊካኑ ቄስ ጆን ስቶት ወዲያው በጉባኤው ፊት ተቃወመው። በ1967 በኪል የተሰበሰቡት ወንጌላውያን አንግሊካኖችም በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለመቆየትና በሥራዋ ሙሉ ለሙሉ ለመሳተፍ ወሰኑ።

ጥያቄው ግን አልተዘጋም። በጋብቻ ትምህርትና በመጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን ላይ በተነሣው ልዩነት ምክንያት በ2008 በኢየሩሳሌም ጋፍኮን የተባለ ጉባኤ ተካሂዷል፤ ከአፍሪካ የመጡ በርካታ ጳጳሳትም ተገኝተውበታል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ወንጌላውያን ከቀድሞው ሀገረ ስብከታቸው ተለይተው አዲስ አስተዳደር ሲያቋቁሙ፣ ሌሎች እንደ ሲሚዮን በነበሩበት ማገልገልን መርጠዋል።