ከቀኝ የሚጀምር የቀን መቁጠሪያ

በአርሲ፣ በመርቲ ወረዳ በምትገኘው በአቦምሳ ከተማ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት የዘመን አቆጣጠር ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ከመስከረም የሚነሣው የእኛው አለ፤ የፈረንጆቹ አለ፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ጾማቸውንና በዓላቸውን የሚያውቁበት የሂጅራም አለ። ልጃቸው ወይም እኅታቸው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄደችባቸው ቤተሰቦች ደግሞ፣ በዐረብኛ የተጻፈ የውልና የጉዞ ቀን በእጅ ስልካቸው ይደርሳቸዋል።

እንደሚታወቀው አማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ኦሮምኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዐረብኛ ግን ከቀኝ ይነሣል። ይህ ለአገራችን ባዕድ ነገር አይደለም፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ካስቀረጻቸው ጽሑፎች መካከል በሳባ ፊደል የተጻፈው የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

ስለዚህ የስልክ የቀን መቁጠሪያ ለዐረብኛ አንባቢ ሲዘጋጅ የወሮቹን ስም መተርጐም ብቻ አይበቃም፤ ሰንጠረዡ ራሱ መዞር አለበት። የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን በስተቀኝ ጫፍ ይቀመጣል፤ የሚመጣውን ወር የሚያሳየው ቀስት ወደ ግራ ያመለክታል። የሰዓት ፊት ግን አይዞርም፤ የግድግዳ ሰዓት በጅዳም በአቦምሳም የሚዞረው በአንድ ወገን ነውና። ቁጥርም አይገለበጥም፤ 25 በዐረብኛ ጽሑፍ መካከል ቢገባም ያው ሃያ አምስት ነው።

ጉዳት የሚመጣው ሥራው በግማሽ ሲቀር ነው። ከዐረብኛ ቃል ቀጥሎ 08-06-25 ተብሎ የገባ ቀን፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ካልተጠነቀቀ፣ በስክሪኑ ላይ 25-06-08 ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱ ቁጥር እንዳለ ሆኖ ተራው ብቻ ይገለበጣል፤ በመካከላቸው ያለችው ጭረት የዐረብኛውን አካሄድ ትከተላለችና። (ጭረቷ ዘመም ያለች ብትሆን ኖሮ ተራው ባልፈረሰ ነበር!) እንግዲህ በወሩ 8ኛ ቀን የተቀጠረች ልጅ 25ኛውን ስትጠብቅ አውሮፕላኑ ያመልጣታል ማለት ነው። ስልኬ አሳሳተኝ ብትል ማን ይሰማታል?

መሣሪያው እንኳ አልጠፋም። በኅዳር 2005 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2012) የወጣው አንድሮይድ 4.2፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች «ግራ» እና «ቀኝ» በማለት ፈንታ «መጀመሪያ» እና «መጨረሻ» ብለው እንዲያዝዙ ፈቅዶላቸዋል፤ ስልኩ ቋንቋውን አይቶ ገጹን ራሱ ያዞረዋል። በእኛ አስተያየት የሚጐድለው መፈተን ነው። በአዳማም ሆነ በሌላ ከተማ ይህን ሙያ የሚማሩ ወጣቶች፣ የሠሩትን መቁጠሪያ ለሰው ከመስጠታቸው በፊት ስልካቸውን ወደ ዐረብኛ መልሰው፣ አንድ ቀጠሮ በጭረት ጽፈው፣ ዐረብኛ ለሚያነብ ጐረቤት ያሳዩት፤ ቀኑ ስንት ነው ብለውም ይጠይቁት።