ገጣባ የማያወጣ ቦርሳ

ጥሊሊ የዓሣ ከተማ አይደለችም። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ድንች፣ ቀርከሃና ፈረስ ናቸው። ይሁንና መንጠቆ የለመደ ሰው የትም አይጠፋም። የባሕር ዳር አጥማጅ መረቡን ታንኳው ላይ ጥሎ ያድራል፤ ጠዋት የሚጠብቀው ሥራ መቅዘፍ እንጂ መሸከም አይደለም። የጥሊሊው ግን ውሃ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገድ አለበት። ወይ የፈጣምን ወንዝ ተከትሎ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ወይ በሚኒባስ መራዊ ደርሶ ወደ ቆጋ ግድብ ይታጠፋል፣ ወይ ጨክኖ ጣና ድረስ ይዘልቃል። የትኛውንም ይምረጥ፣ ዕቃው የሚጓዘው በጀርባው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከዘንግም ከመንጠቆም አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ቦርሳ ነው ባይ ነኝ።

አብዛኛው ሰው የሚይዘው ያገኘውን ነው፤ የልጁን የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ካልሆነም በሲባጎ የታሰረ ማዳበሪያ። የትምህርት ቤት ቦርሳ የተሰፋው ለደብተር ነው። ደብተር ጠፍጣፋና ደረቅ ስለሆነ ከጀርባ ጋር ይለጠፋል። የአጥማጅ ዕቃ ደግሞ ከእርሳስ ቁራጭ እስከ ረጅም ዘንግ፣ ከሚወጋ መንጠቆ እስከ ረጠበ ክር የተሰባሰበ ነው፤ ሲመለሱም የሚያንሸራትት ዓሣ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ሲገባ እርሳሱ ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ጎን ያጋድላል፣ ተሸካሚው በየመቶ እርምጃው ትከሻውን እየነቀነቀ ቦርሳውን ወደ ላይ ይወረውራል። ይህን ያህል ጊዜ የሚወረወር ቦርሳ መጠኑ ወይም አጫጫኑ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ጥሊሊ ባለችበት በአዊ ስለ ጭነት ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 በሚያከብሩት በዓል ፈረሱ አሸብርቆ ሲጋልብ አገር ያየዋል፤ ከዚያ ፈረስ ጀርባ ግን ማንም ፎቶ የማያነሳው፣ ገበያ ለገበያ የሚመላለስ አጋሰስ አለ። የአጋሰሱ ባለቤት ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ገጣባ የሚያወጣው ክብደት ብቻ አለመሆኑ ነው። በደንብ ተመጣጥኖ፣ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ከባድ ጭነት ቆዳውን ሳይነካ ገበያ ይደርሳል፤ ላላ ብሎ የተጫነ ቀላል ጭነት እየተንሸራተተ ጀርባውን ይልጠዋል። የሰው ጀርባም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። የሚመች ቦርሳ ማለት የማይንቀሳቀስ ቦርሳ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ የሚያደርገው ማንገቻውን በጣቱ መጫን ነው። ስፖንጁ ለስለስ ካለው “ይመቻል” ብሎ ይገዛል። ለስላሳ ስፖንጅ ሸክም ሲያርፍበት ይሟሽሽና ውፍረቱ ሁሉ ጠፍቶ ጨርቁ ብቻውን ትከሻ ላይ ይቀራል። ጣት ሲጫነው እምቢ የሚል፣ ጠንከር ያለ፣ ከአንገት ሥር ሳይሆን ከትከሻው መሐል የሚያርፍ ማንገቻ ይሻላል። ጠባብ ማንገቻ በብብት ፊት የሚያልፉትን የደም ሥርና ነርቭ ስለሚጫን እጅን ያደነዝዛል፤ ክር የሚቋጥር ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ጣቱ ነው።

የትከሻ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ የዳሌ አጥንት ግን የተሠራው የላይኛውን አካል በሙሉ ተሸክሞ ለመራመድ ነው። የእኛ እናቶች እንስራውን፣ ዛሬ ዛሬ ቢጫውን ጀሪካን፣ ወገብና ዳሌያቸው ላይ አሳርፈው በገመድ የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ በትከሻ ብቻ ይዞ ዳገት የሚወጣ የለም። ፈረንጆቹ ወደዚህ ነገር የደረሱት ዘግይተው ነው። ኖርዌጂያዊው ኦሌ በርጋን እ.ኤ.አ. በ1909 የጀርባን ቅርጽ የሚከተል ቀጭን ክፈፍ ያለው ቦርሳ በስሙ አስመዘገበ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ዲክ ኬልቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የአሉሚኒየም ክፈፍ የጀርባ ቦርሳ መሸጥ ጀመረ፤ ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚያወርደው የወገብ ቀበቶ በተራ ተጓዦች ዘንድ የተለመደው ከእሱ ቦርሳ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዲያውም የምሥራቅ አፍሪካ ሴቶችን ተከትሎ ነበር። የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል በራሳቸው ላይ፣ ወይም በግንባራቸው ባንገቱት ጠፍር ሲሸከሙ ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ ከሚያወጡት የበለጠ ጉልበት አያወጡም። ልምድ ከመሣሪያ እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ልምዱ የሌለን ቀበቶ እንግዛ።

ቀበቶው ግን የሚሠራው የቦርሳው ጀርባ ከእኛ ጀርባ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ልኩን ለማወቅ አንገትን ወደ ፊት ማጎንበስ ነው፤ ከአንገት ሥር ጎላ ብሎ የሚወጣ አጥንት ይዳሰሳል። ከዚያ ሁለቱን እጆች ዳሌ አጥንት አናት ላይ አድርጎ አውራ ጣቶቹን ወደ ኋላ ማገናኘት። ከአንገቱ አጥንት አውራ ጣቶቹ እስከሚገናኙበት ያለው ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ የጀርባው ቁመት ይገኛል። የሰው ቁመት አያታልል፤ ረጅም እግር ይዞ አጭር ጀርባ ያለው ብዙ ነው። ቦርሳው ከዚህ ልክ ካጠረ ቀበቶው ሆድ ላይ ይወጣና መተንፈስ ይከለክላል፤ ከረዘመም ቂጥ ላይ እየወረደ እግርን ይመታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕቃው ከአራት ከአምስት ኪሎ የማይበልጥ ከሆነ ወፍራም የወገብ ቀበቶ ከንቱ ወጪ ነው። ቦርሳው እንዳይወዛወዝ የምትይዝ ቀጭን ማሰሪያና የደረት ማያያዣ ይበቃሉ። የአንድ ቀን አጥማጅ ዕቃ ደግሞ ከዚህ እምብዛም አያልፍም። ዘንጉና የክር መጠቅለያው አብረው ግማሽ ኪሎ ቢሆኑ ነው። መንጠቆ፣ እርሳስ፣ ቡሽ፣ ቢላዋና መለዋወጫ ክር ሌላ ግማሽ ኪሎ። ከባዱ ሁለት ሊትር ውሃው ነው፤ በሶውና የዝናብ ልብሱ ተጨምረው አራት ኪሎ ገደማ ይመጣል። ለዚህ ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ በቂ ነው። ትልቅ ቦርሳ የገዛ ሰው ባዶ ቦታ ማየት አይወድም፤ ይሞላዋል። ትንሽ ቦርሳ ሌላም ጥቅም አላት፤ መረብ አትይዝም። ከጣና የሚነሳው ነጭ ዓሣ በክረምት ግልገል አባይን፣ ጉማራንና ርብን ወደ ላይ የሚወጣው እንቁላሉን ለመጣል ነውና በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ የከርሞውን ጭምር ያወጣል። ዓሣ ለማደንዘዝ ውሃ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ስለሚጨምረው ባላወራ እመርጣለሁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው አለነገር አይደለም፤ የአካባቢውን መመሪያ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መነሳት ጥሩ ነው።

አጫጫኑ ላይ እንምጣ። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ውሃው፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ከትከሻ ዝቅ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚጎትት ሰውየው ሳይታወቀው ጎብጦ ይሄዳል። ወደ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ግን ክብደቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከፍ ብሎ የተጫነ ቦርሳ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይገፋል። በመንገድ ላይ ደግሞ ሸክሙ ራሱ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ከባድ የነበረው ውሃ ይጠጣል፣ ማታ ያልነበረው ዓሣ ይጨመራል። ስለዚህ ቦርሳው በጎንና በጎን በሚጠብቁ ጠፍሮች መጨምደድ መቻል አለበት። ዘንግ ከጎን ሲታሰር ጫፉ ከራስ በላይ ከወጣ እያንዳንዱ የግራር ቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ እርስ በርሱ የሚሰበሰብ፣ ሲታጠፍ ከክንድ ብዙ የማይረዝም ዘንግ ለእግረኛም ለሚኒባስ ተሳፋሪም ይመቻል። የቀርከሃ ዘንግ የሚወድ ክርና መንጠቆውን ብቻ ይዞ ይሂድ።

በአዊ ደጋ ክረምቱ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ የውሃው ነገር ደግሞ በሁለት በኩል ነው፤ ከላይ ዝናቡ፣ ከውስጥ ዓሣው። “ውሃ አያስገባም” የሚል ምልክት ያለበት ቦርሳ ሁሉ አይታመንም። ጨርቁ ከውስጥ የፕላስቲክ ቅብ ቢኖረውም ውሃ የሚገባው በስፌቱና በዚፑ በኩል ነው። በእውነት ውሃ የማያስገባው ስፌት የሌለው፣ በሙቀት የተጣበቀና አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ የሚቆለፈው ብቻ ነው፤ ዋጋውም ያስደነግጣል። የኔ ምክር ርካሽ ነው፤ ተራ ቦርሳ ግዙና ደረቁን ዕቃ ውስጡ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት። የዩሪያ ማዳበሪያ የውስጥ ላስቲክ ጠንካራ ስለሆነ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። በደንብ ታጥቦ ለልብስ ቢሆን አልቃወምም፤ ዓሣ፣ ምግብና የመጠጥ ውሃ ግን ማዳበሪያ በነበረበት ነገር ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም።

ዓሣው ራሱ ላስቲክ ውስጥ መግባት የለበትም። አየር በሌለበት ይሞቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። የእንግሊዝ ወንዝ ዳር አጥማጆች ለዚህ ሲሉ ከአኻያ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ፣ በጎን የሚንጠለጠል ክዳን ያለው ቅርጫት ለዘመናት ይዘዋል። ዓሣውን ሆድቃውን አውጥተው እርጥብ ሣር ያለብሱታል፤ ነፋስ በቀዳዳው እየገባ እርጥበቱን ሲያተን ቅርጫቱ ይቀዘቅዛል። እንጅባራና ጥሊሊ ለዚህ ምን ጎድሏቸው! የደጋ ቀርከሃ በየጓሮው አለ፣ እጀ ጥበበኛውም ወንበርና ቅርጫት ሠርቶ አስፋልት ዳር ይደረድራል። ሆኖም ከተደረደሩት መካከል ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ከሰው ጎን የሚገጥም፣ ክዳኑ ላይ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት አላየሁም። ለማሠራት የሚከብድ ነገር የለውም፤ ቅርጹን ወረቀት ላይ ስሎ ማሳየት ይበቃል። እስከዚያው ግን በውሃ የተነከረ ንጹሕ ኬሻ ከቦርሳው ውጪ አንጠልጥሎ መሄድ ከላስቲክ እጅግ ይሻላል።

ውሃው ዳር ከደረሱ በኋላ ትልቁ ቦርሳ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ መንጠቆ ለመቀየር በየጊዜው ወደሱ መመላለስ ግን አይመችም። ለዚህ በአንድ ትከሻ የምትነገት፣ ደረት ላይ የምትዞር ትንሽ ቦርሳ አለች። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን እንዴት እንደሚያነግት ያየ ሰው አያያዟን ያውቃል፤ ማንገቻው በደረት ላይ አግድም ያልፋል፣ ሁለቱም እጅ ነጻ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ በላይ ከተጫነባት ግን አንዱን ትከሻ ታጎብጣለች። መንጠቆ በጠንካራ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንጂ ኪስ ውስጥ ባዶውን አይቀመጥ፤ ወድቆ በቦርሳው ላይ ያረፈ ሰው ዘሎ መነሳት እንኳ ያቅተዋል።

ሲገዙ አዲስ ብቻ አይፈልጉ። ልባሽ ተራ አንዳንዴ አዲሱ ያጣው ጥንካሬ ያለው አሮጌ ቦርሳ ይገኛል። የሚታየው ማንገቻው ከላይና ከታች የተሰፋበት ቦታ ነው፤ እዚያ ስፌቱ ተሻግሮ በመስቀል ካልታሰረ ይበጠሳል። ዘለበቶቹን ከፍቶ መዝጋት፣ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር መጎተት፣ የውስጥ ቅቡን በእጅ ማሸት ያስፈልጋል፤ እንደ ፎረፎር የሚራገፍ ከሆነ ቅቡ አልቋል። ከዚያ ስድስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ጨምሮ መልበስና ዓሣ እንደሚያነሱ ሆኖ ማጎንበስ ነው። ቦርሳው ተንሸራቶ ማጅራት ላይ ከመጣ ይመልሱት፣ ባለሱቁ ይቆጣ።

ቤት ሲደርሱ ቦርሳውን ባዶ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ማጠብ። የፈላ ውሃ የዓሣውን ደም ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል፣ ሽታውም አይለቅም። የሚሰቀለው ጥላ ውስጥ አፉ ተከፍቶ ነው፤ ፀሐይ የናይለን ክርን ታደክማለች። የተፈታ ስፌት ካለ ጫማ ሰፊ በሰም ክር በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ማንገቻው እስኪበጠስ አይጠበቅም። ማታ ማታ ደግሞ መሬት ላይ አይተው፤ ዓሣ የነካውን ቦርሳ አይጥ ከሩቅ ታገኘዋለች፣ የምትጀምረውም ከማንገቻው ስፖንጅ ነው።