ብዙ ባንድ በአንድ ምሰሶ

የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ በአንድ ምሰሶ ላይ በርካታ አንቴናዎችን የሚሰቅለው ለየባንዱ (ለየፍሪኩዌንሲ ክልሉ) የሚስማማው የሽቦ ርዝመት ስለሚለያይ ነው። ዳይፖል የሚባለውና ኬብሉ መሐሉ ላይ የሚገናኘው ቀላል የሽቦ አንቴና ርዝመት በሜትር የሚገኘው፣ 142.5ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ በማካፈል ነው። ለ3.65 ሜጋኸርዝ (80 ሜትር ባንድ) 39 ሜትር፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ (40 ሜትር ባንድ) 20 ሜትር፣ ለ14.2 ሜጋኸርዝ (20 ሜትር ባንድ) ደግሞ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል። ለ145 ሜጋኸርዝ (2 ሜትር ባንድ) ግን አንድ ሜትር የማይሞላ ዘንግ ይበቃል።

ለየባንዱ ምሰሶ ማቆም ወጪ ከማብዛቱም በላይ እንደ ላሊበላ ላለ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ለተመዘገበ ስፍራ አይገባም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ራቅ ብሎ የሚተከል አንድ ምሰሶ ይሻላል።

ምሰሶው አንድ ቢሆንም ከፍታው ለሁሉም ባንድ እኩል አይደለም። የአንቴና ከፍታ የሚመዘነው በሞገዱ ርዝመት ነውና 10 ሜትር ምሰሶ ለ40 ሜትር ባንድ ሩብ ሞገድ፣ ለ20 ሜትር ባንድ ግማሽ ሞገድ፣ ለ2 ሜትር ባንድ አምስት ሞገድ ይሆናል። ሩብ ሞገድ ላይ የተሰቀለ ዳይፖል ጉልበቱን በአብዛኛው ወደ ላይ ይልካል። ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ላሊበላ ላለችበት ለላስታ ግን ዋነኛው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከላሊበላ አዲስ አበባ በአየር ላይ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ ሞገዱ በ60 ዲግሪ ግድም ወጥቶ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ ከአዮኖስፌር፣ ሲመለስ ተራሮቹን ሁሉ ተሻግሮ ይወርዳል። አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውን ኢቲ3ኤኤ የተባለውን የክበብ ጣቢያ በቀን ለማግኘት 40 ሜትር ባንድ ተስማሚ ነው፤ ሌሊት 80 ሜትር ይሻላል። በ20 ሜትር ባንድ ያው 10 ሜትር ከፍታ ጨረሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ሩቅ አገር ይመራዋል። የ2 ሜትር ሞገድ ግን በአብዛኛው ተራራ ያግደዋል፤ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። ስለዚህ የዚህ ባንድ አንቴና ምንም ሳይጋርደው ምሰሶው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

ከጫፉ ዝቅ ብሎ የዳይፖሎቹ ሽቦዎች ከአንድ መገናኛ ተነስተው እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ታች ይዘረጋሉ። ሁሉም በአንድ ኬብል ሊመገቡ ይችላሉ፤ ለተላከው ፍሪኩዌንሲ የማይስማማው ሽቦ ጥቂት ኃይል ብቻ ይወስዳልና። የ40 ሜትሩ ሽቦ በሦስት ግማሽ ሞገድ ለ15 ሜትር ባንድም ስለሚያገለግል ለዚያ ሌላ ሽቦ መጨመር ላያስፈልግ ይችላል። ሆኖም ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ከተጠጉ አንዱ የሌላውን ልክ ያዛባል፤ ስለዚህ ጫፎቻቸውን ማራራቅ ያስፈልጋል። ሁሉም መጀመሪያ ረዘም ተደርገው ይቆረጡና ረጅሙ ቀድሞ ይስተካከላል፤ አጭሩ ከተስተካከለ በኋላ ረጅሙ እንደገና ይለካል። የብረት መወጠሪያ ሽቦዎችም በኢንሱሌተር መቆራረጥ አለባቸው፤ አለዚያ እነሱም እንደ አንቴና ይሠራሉ።

በደጋው ከምንም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መብረቅ ነው። መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርደው ግራውንድ ዘንግ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በቀላሉ አይገባም፤ ቢገባም ደረቅ ድንጋይ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። ባዶ የመዳብ ሽቦዎችን ከምሰሶው ሥር በየአቅጣጫው አርዝሞ መቅበርና ከቤቱ ግራውንድ ጋር ማያያዝ ይመረጣል። በክረምት ደመና ሲጠቁር ኬብሎቹ ከሬዲዮው ተነቅለው ከቤት ውጭ ይደረጋሉ።