ዳገትና ቁልቁለት ያለው ሒሳብ

ከመቱ ወደ ጎሬ የተጓዘ ሰው ዳገትና ቁልቁለትን ያውቃል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ፖሊኖሚያል» የሚባለው የሒሳብ ክፍልም ጠባዩ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ከአንድ ቁጥር ኩብ ላይ የቁጥሩን አራት እጥፍ እንቀንስ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2፣ ዜሮ ወይም 2 ሲሆን ውጤቱ ዜሮ ነው፤ መስመሩም አግድሙን የሚያቋርጠው በእነዚሁ ሦስት ቦታዎች ነው። ከዜሮ በታች 1 ላይ ውጤቱ 3 ነው፤ 1 ላይ ግን ከዜሮ በታች 3 ይሆናል። እንግዲህ መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ሥዕሉን በቃሉ መሸምደድ አያሻውም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ የመቱና የጎሬ ልጅ የቃሉም የቁጥሩም ሸክም አለበት። ስለዚህ መምህራን ቀመሩን ከማስጻፋቸው በፊት ተማሪው በሚያውቀው ዳገት ቢያስረዱት ሸክሙ ይቀልለታል።