የግድ ወዳጅነት፦ ምኒልክና መንገሻ ከዐድዋ በፊትና በኋላ

በ1870 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የሸዋው ምኒልክ ደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው ልቼ ድንጋይ ተሸክመው ከአፄ ዮሐንስ ፊት ቀረቡ። ዮሐንስም ይቅር ብለው የሸዋን ንግሥና አጸኑላቸው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1886 ክረምት መግቢያ፣ የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ በተራቸው ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ገቡ። ምሕረት ሰጪው አሁን ምኒልክ ናቸው። ከዚያን ቀን እስከ ዐድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ስለ ዐድዋ ሲወራ ይህን ዕርቅ በጥድፊያ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ባዕድ መጣ፣ የቤት ውስጥ ጠብ ተረሳ፣ አገር በአንድነት ተነሣ ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ነገሩን አያስረዳም። ኢጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት በ1877 ነው። የባዕድ መምጣት ብቻውን ባላንጣ የሚያስታርቅ ቢሆን ኖሮ ዕርቁ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባልዘገየ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የሆነው እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በየተራቸው ባዕዱን በባላንጣቸው ላይ ሊጠቀሙበት ሞክረዋል።

ቀድመው የጀመሩት ምኒልክ ናቸው። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ሮም ለበቀል ስትዘጋጅ፣ የኢጣሊያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ ሸዋ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በጥቅምት 1880 ከምኒልክ ጋር የተዋዋለው ውል 5,000 ጠመንጃ የሚያስገኝላቸው ሲሆን፣ ምኒልክ በበኩላቸው በዮሐንስና በኢጣሊያ ጠብ ውስጥ እጃቸውን ላያስገቡ ነው። በዚያው ሰሞን ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዮሐንስ ላይ መከሩ፤ ዮሐንስም ወደ ጎጃም ዘምተው አገሩን አስመዘበሩት። በሰሜን ኢጣሊያ፣ በምዕራብ ደርቡሽ፣ በደቡብ የራሳቸው ንጉሦች፦ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ሲወድቁ ሁኔታቸው ይህ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ መንገሻን ልጄና ወራሼ አሉ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። ዛሬ ስለዚህ ውል ሲነሣ ሁሉም ኢትዮጵያን የኢጣሊያ ጥገኛ ያደርጋል ወደተባለው 17ኛው አንቀጽ ይሮጣል። ለመንገሻ ግን የሚያቃጥለው ሌላ ነበር። ውሉ ኢጣሊያ አሥመራን ጨምሮ ከፍተኛውን አገር እንድትይዝ ይፈቅዳል፤ ይህም አባታቸው የተሟገቱለት፣ አሉላ አሥመራን ዋና ከተማቸው አድርገው የገዙት አገር ነው። ኢጣሊያ በዚያው ዓመት ክረምት አሥመራ ገባች፤ በቀጣዩ ዓመት ጥር ከመግባቱ በፊትም ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት አወጀች። ክፉ ቀን የሚባለው የከብት እልቂትና ረሀብም አገሩን ያዘ። ምኒልክ በ1882 ትግራይ ድረስ ዘልቀው መንገሻን አስገብተው ነበር፤ ዳሩ ግን የሸዋ ጦር ሲመለስ መገዛቱም አብሮ ተመለሰ።

እንግዲህ መንገሻ በ1884 ኅዳር መጨረሻ ላይ ከራስ አሉላና ከሌሎች የትግራይ መኳንንት ጋር ወርደው መረብ ዳር ከኤርትራው ገዥ ከጄኔራል ጋንዶልፊ ጋር በመሐላ ሲወዳጁ፣ የሠሩት አዲስ ነገር አልነበረም። ምኒልክ በአባታቸው ላይ የሄዱበትን መንገድ እርሳቸው በምኒልክ ላይ ሄዱበት። አንዳንዶች ይህን ክህደት ብለው ያልፉታል። ፍርዱ ለሁለቱም እኩል ካልደረሰ ግን ፍርድ አይባልም። የዶጋሊው አሉላ ከዶጋሊ ጠላታቸው ጋር ለመማል መቀመጣቸው ብቻ የጠባቸው ክብደት የት እንደነበረ ይናገራል፤ በዚያን ጊዜ ከኢጣሊያ ይልቅ ሸዋ ቅርብና አስፈሪ ነበረች።

ከዚህ በኋላ ያለው የነገሩ አንጓ ነው፤ አንጓውም ያለው በሮም እንጂ በአዲስ አበባ ወይም በመቀሌ አይደለም። ኢጣሊያኖች ራሳቸው በሁለት ሐሳብ ተከፍለው ነበር። አንቶኔሊን የተከተሉት፣ ምኒልክን ወዳጅ አድርገን መላ አገሩን በእርሳቸው በኩል እንያዝ ይላሉ። ጋንዶልፊን የመሰሉት ደግሞ ሸዋ ሩቅ ነው፣ ጎረቤታችን ትግራይ ነው፣ መንገሻን ደግፈን ምኒልክን እናድክም ይላሉ። ሁለቱም መንገድ በራሱ ስሌት ነበረው። አንዱ ቢመረጥና ቢጸና ኖሮ ኢጣሊያ ከሁለቱ ቤቶች ቢያንስ አንዱን በእጇ ባስቀረች ነበር። የሆነው ግን ዛሬ ወደ ሸዋ፣ ነገ ወደ ትግራይ ማለት ነው። ከመረቡ መሐላ በኋላ ምኒልክ በጣም ተቆጡ። ሮም ቁጣውን ለማብረድ በ1885 ላይ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ወደ ሸዋ ላከች።

እስቲ ይህን ከመንገሻ ወገን እንየው። የማልህለት ወዳጅ ለባላንጣህ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ይልካል፤ ላንተ የሚደርስህ ደብዳቤ ነው። ከምኒልክ ወገን ብናየው ደግሞ ጥይቱ በገባበት ሰሞን የውጫሌን ውል አፈረሱት። ስለዚህ ኢጣሊያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አጣች፤ አንዱን በማስታጠቅ፣ ሌላውን ባለማስታጠቅ። መንገሻ እስከዚያ ድረስ ሦስት መንገድ ነበራቸው፦ ለብቻ መቆም፣ ከኢጣሊያ ጋር መሆን፣ ለምኒልክ መግባት። የመጀመሪያውን ረሀቡና የጦሩ መመናመን ዘጋው። ሁለተኛውን ሮም ራሷ ዘጋችው። የቀረው ሦስተኛው ነው።

በ1886ቱ ዕርቅ መንገሻ የሚጠብቁት ነገር ግልጽ ነበር፤ የአፄ ልጅ ናቸውና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ እንዲደፉ። ምኒልክ ምሕረቱን ሰጡ፣ ዘውዱን አልሰጡም። ለምን እንዳልሰጡ መገመት አይከብድም። ልቼ ላይ ከዮሐንስ የተቀበሉት ያው የንጉሥነት ማዕረግ ኋላ ዮሐንስን ለመገዳደር ምን ያህል እንደጠቀማቸው ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ራስ አሉላ ደግሞ ወደ ትግራይ አልተመለሱም፤ ከምኒልክ ግቢ ቀሩ። የትግራይ ጦር ዋና አለኝታ የነበረ ሰው በአንድ ወገን እንግዳ፣ በሌላ ወገን ዋስ መሆኑ ነው። መንገሻ ሲመለሱ የያዙት ምሕረትና ቃል ነበር፤ የፈለጉት ዋናው ነገር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ወዳጅነቱ የተፈተነው ወዲያው ነው። በታኅሣሥ 1887 በአካለ ጉዛይ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ተነሡ። ባሕታ ለዓመታት የኢጣሊያ ወዳጅ ነበሩ፤ ያነሣሣቸው ኢጣሊያ የገበሬውን መሬት እየነጠቀች ለሰፋሪ ማዘጋጀቷ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ሐላይ ላይ ወደቁ። መንገሻ ጋንዶልፊን ለተካው የኤርትራ ገዥ ለጄኔራል ባራቲየሪ የወዳጅነት ደብዳቤ እየጻፉ ጦራቸውን ወደ መረብ አስጠጉ፤ በጥር 1887 ኮአቲት ላይ ሁለት ቀን ተዋግተው ተሸነፉ፤ ሰንዓፈ ላይ ድንኳናቸው ሳይቀር ተማረከ። ባራቲየሪ ድንኳኑ ውስጥ መንገሻ ከምኒልክ ጋር የተጻጻፉትን ደብዳቤ አገኘ። ከዚያ ወዲያ መንገሻ ወደ ኢጣሊያ የሚመለሱበት ቀዳዳ አልቀረም፤ በሁለት በኩል መጻፍ የሚቻለው ደብዳቤው እስካልተያዘ ድረስ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ የምኒልክ ጦር አልመጣም። ለመምጣት የመንገድ ርቀትና የዝግጅት ጉድለት በቂ ምክንያት ናቸው። ቢሆንም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ የመንገሻ መሸነፍ ምኒልክን አልጎዳም። ባራቲየሪ አዲግራትን፣ ከዚያም መቀሌን ሲይዝ መንገሻ አገር የሌላቸው ራስ ሆኑ። በ1886 ድንጋይ ተሸክመው የገቡት የራሳቸው ጦርና ግዛት ይዘው ነበር፤ በ1888 የዘመቱት ግን ርስታቸውን ሊያስመልስ የሚችለው የምኒልክ ጦር ብቻ ሆኖ ነው። ወዳጅነቱ የጠበቀው አንደኛው ወገን መሄጃ ስላጣ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

በመስከረም 1888 የክተት አዋጅ ታወጀ። የተሰለፈውን ጦር የአንድ ንጉሥ ጦር ብቻ አድርጎ ማሰብ ነገሩን ያደበዝዘዋል። እያንዳንዱ መኰንን የራሱ ወታደር፣ የራሱ ነጋሪት፣ የራሱ ሰፈር አለው። ከመካከላቸው ከምኒልክ ጋር ደም ያልተቃባ ጥቂት ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው፣ ቆስለው የተማረኩ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ያያያዘው ተዋሕደው አንድ መሆናቸው አይደለም። ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን መሰለፋቸው ነው። የጎጃም ጦር በጎጃም አዛዥ፣ የትግራይ ጦር በመንገሻና በአሉላ እንደታዘዘ ቀረ፤ ማንም የባላንጣውን አዛዥ ትእዛዝ እንዲቀበል አልተጠየቀም። የጋራ የነበረው የዘመቻው አቅጣጫና የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው። ኅዳር 28 ቀን አምባ አላጌ ላይ የኢጣሊያውን ሻለቃ ቶዜሊን የደመሰሰው ግንባር ቀደም ጦር የራስ መኰንን፣ የራስ ሚካኤል፣ የራስ ወሌ፣ የራስ መንገሻና የራስ አሉላ ሰዎች ያሉበት እንጂ የአንድ ቤት ጦር አልነበረም።

ባራቲየሪ የጠበቀው ይህ ስብስብ እንዲበተን ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ይከዳል፣ በ1881 ኢጣሊያን የጎበኙት ራስ መኰንንም የልብ ወዳጅ ናቸው የሚል ተስፋ በኢጣሊያኖች ዘንድ ነበር። የከዳው ግን የራሳቸው ወገን ሆነ። የዐጋሜው ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከመንገሻ ቤት ጋር የከረረ ጠብ የነበራቸው ናቸው፤ ለኢጣሊያ ያደሩትም በዚሁ ጠብ ነው። በየካቲት 1888 መጀመሪያ ሳምንት ግን በአንድ ሌሊት ሰዎቻቸውን ይዘው ወጡና የኢጣሊያን የስንቅ መንገድ መምታት ጀመሩ። ይህም የመንገሻ ጠላት በመንገሻ ወገን መሰለፉ ነው፤ የትልቁ ወዳጅነት ትንሹ ግልባጭ።

ያም ሆኖ ስብስቡ ዕድሜው አጭር መሆኑ የታወቀ ነበር። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው በረሀብ በተጎዳ አገር ላይ ሰፍሮ ይበላል። ስንቁ ሊያልቅ ቀናት ነበሩት፤ ካለቀ ሁሉም ወደየአገሩ ነው። ባራቲየሪም ይህን ያውቅ ነበርና መጠበቅ ወይም ማፈግፈግ ይሻል ነበር። የራሱም ስንቅ መሟጠጡ፣ ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ የግሳጼ ቴሌግራም መምጣቱና ጄኔራሎቹ ወደኋላ አንልም ማለታቸው ወደ ፊት ገፋው። 17,000 ከሚያህል ጦር ጋር የካቲት 23 ቀን 1888 ዐድዋ ላይ ሲጋጠም፣ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ሊበተን የሚችል ሠራዊት ገና ሳይበተን አገኘው።

ከድሉ በኋላ ሒሳቡ ተነሣ። ምኒልክ መረብን አልተሻገሩም፤ ጦሩ ተርቧል፣ ከባሕር ማዶ አዲስ የኢጣሊያ ጦር ገብቷል። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ነጻነት በማያሻማ ቃል አጸና፤ ከመረብ ወዲያ ያለው ግን ለኢጣሊያ ቀረ። ለሸዋ ይህ የሰው ዓይን የሚስብ ድል ነው። ለመንገሻ ግን በሌላ ሰው እጅ ካለው የአባታቸው አገር ግማሹ ተመልሶ፣ ግማሹ በፊርማ ቀረ። ዘውዱም አልመጣም። አሉላ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተዋግተው፣ ሐጎስ እዚያው ሲወድቁ፣ እርሳቸው በቁስላቸው ምክንያት በየካቲት 1889 ሞቱ፤ ዐድዋ ላይ አብሮ የዘመተ ጦር ዓመት ሳይሞላ እርስ በርሱ ተዋጋ ማለት ነው። መንገሻ ራሳቸው በ1891 ሸፈቱ። ምኒልክ የላኩባቸው ራስ መኰንንን ነው። መንገሻ እጃቸውን ሰጥተው ወደ አንኮበር ተጋዙ፤ ትግራይ ለጥቂት ጊዜ በመኰንን ሥር ገባች።

ታዲያ ተክለ ሃይማኖትስ? እምባቦ ላይ የፈሰሰው ደም ከመንገሻ ቤት ጠብ አያንስም። ሆኖም የጎጃሙ ንጉሥ ከዐድዋ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አልሸፈቱም። ልዩነቱን በሰውዬው ጠባይ ከመፈለግ በእጃቸው በነበረው ነገር መፈለግ ይቀላል። ተክለ ሃይማኖት የንግሥናውን ዘውድ በ1873 ከዮሐንስ ተቀብለዋል፤ ምኒልክም ድል ከነሡአቸው በኋላ ማዕረጋቸውን አልነጠቁም። ወደ ዐድዋ የሄዱት ያላቸውን ይዘው ነው፤ የተመለሱትም ያንኑ ይዘው ነው፤ ከጎጃምም በውሉ የተቆረጠ መሬት የለም። መንገሻ ግን የዘመቱት ሊያገኙት ላሰቡት ነው፤ ከሰላሙ ውል በኋላ ደግሞ ያሰቡትን የሚከፍል ማንም አልነበረም።