በማሳ መሐል የቆመው ገርቢ

ከሞጆ ተነስቶ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሰው ሁለት ነገሮችን ሳያይ አያልፍም። አንደኛው በማሳ መሐል ተራርቀው የቆሙት ግራሮች ናቸው፤ ሁለተኛው በመንገዱ ዳር ተደርድረው ገዥ የሚጠብቁት የከሰል ጆንያዎች ናቸው። የሁለቱን ዝምድና ለማንም መንገር አያስፈልግም። ዛሬ ልናብራራው የፈለግነው ገበሬው ያንን ዛፍ በማሳው መሐል ለምን እንደተወው፣ ዛፉ ሲቆረጥስ ምን እንደሚያጣ ነው።

ግራር ስንል አንድ ዓይነት ዛፍ ማለታችን አይደለም። እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ደደቻ አለ፤ ለፍየልና ለግመል መኖ የሚሆነው፣ ልሙን አሸዋማ አፈራችንን ነፋስ እንዳይጠርገው የሚይዘው እሱ ነው። ኦሮሞው «ገርቢ» የሚለው፣ ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ግን በጅምላ ግራር ብሎ የሚያልፈው ደግሞ ጠባዩ ለየት ያለ ነው። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም ገርቢ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ምድሩ ሁሉ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ይሆናል።

ይህ ለአራሹ ትልቅ ነገር ነው። ጤፉ፣ ስንዴውና በቆሎው በሚያድግበት ወራት ገርቢ ፀሐይ አይነፍገውም። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ያዳብራል፤ በሥሩ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ ከአየር ናይትሮጅንን እየያዙ ለዛፉ ይሰጣሉ፤ ይህም ከማዳበሪያ የምንፈልገው ንጥረ ነገር ራሱ ነው። ዋናው ሥሩ ወደ ታች በጥልቀት ስለሚወርድ ከላይ ካለው ሰብል ጋር ብዙ የውኃ ሽሚያ የለውም። ባሕር ዛፍን በማሳው ዳር የተከለ ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል። በበጋም ከብቱ ከገርቢ ጥላ ሥር ይውላል፣ የሚረግፈውን ፍሬ ይበላል፣ እበቱንም እዚያው ይተዋል። ከዛፉ ሥር የሚገኘው ለምነት ከፊሉ ከዚህ የመጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ጉዳዩ በምርምርም ተለክቷል። በሐረርጌ ደጋማ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ከገርቢ ሥር የበቀለው በቆሎና ማሽላ ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ 56 በመቶ የበለጠ ምርት እንደሰጠ አሳይቷል። በእኛው በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ ያተኮረው በስንዴ ላይ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣና የቀኑ ሙቀት ሲያይል፣ ከገርቢ ሥር ያለው ስንዴ በሜዳ ላይ ካለው በተሻለ ሁኔታ ሙቀቱን እንደሚቋቋም ተገኝቷል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አባቶቻችን ማሳ ሲመነጥሩ ገርቢን መተዋቸው የሚያዩትን ስለሚያውቁ ነበር፤ ምርምሩ መለኪያ ጨመረበት እንጂ ነገሩን አልፈጠረውም።

ከዛፎቻችን መካከል ቁርቁራንም ሳናነሳ ማለፍ አንችልም፤ በዐረብኛ ሲድር የምንለው ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ እናቶቻችን ፀጉር ይታጠቡበታል፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ጀናዛ ሲታጠብ ውኃውን ከሲድር ጋር ማድረግ ቡኻሪና ሙስሊም ከኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ የጸና ነው። ዛፉ በደጃችን እያለ ከውጭ አገር ታሽጎ የመጣ የሲድር ዱቄት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞራችን ግን ያስገርማል። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ሲድርን በሚቆርጥ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። ራሳቸው አቡ ዳዉድ ሲያብራሩት፣ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለሉበትን የሜዳ ሲድር ያለ መብቱ በከንቱ የሚቆርጠውን ሰው የሚመለከት መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ የራሱን ዛፍ ለሚያስፈልገው ጉዳይ የቆረጠ ሰው በዚህ አይወቀስም።

ከሰል አክሳዩንም ቢሆን ብቻውን መውቀስ አንወድም። በአዳማ፣ በሞጆና በሻሸመኔ ጆንያውን የምንገዛው እኛ ነን። በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው ዘዴ ከአሥር ኪሎ እንጨት የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ከሰል ነው፤ ቀሪው ጢስ ሆኖ ይሄዳል። «ላቀች» የተባለው ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ይቆጥባል። እንጀራ በሦስት ጉልቻ የምትጋግር እህት ደግሞ «ምርጥ» በተባለው ምድጃ የእንጨቱን እስከ ግማሽ ልታተርፍ ትችላለች፤ ዓይኗንም ከጢስ ታሳርፋለች።

ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ችግኝ መትከል በየዓመቱ ተለምዷል፤ መልካም ነው። ገርቢ ግን በችግኝ ከረጢት ብዙ መቆየትን አይወድም፣ ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳልና። ከመትከል የሚቀለው በራሱ የበቀለውን መጠበቅ ነው። በኒጀር የሚኖሩ ሙስሊም ገበሬዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጉቶና ቡቃያ በመንከባከብ ብቻ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ዛፍ መልሰዋል፤ በዚያም ገርቢ የታወቀ ነው። በአገራችንም በወላይታ ሁምቦ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ በዚሁ ዘዴ አገግሟል።

አሠራሩ ገንዘብ አይጠይቅም። ከጉቶው ካቆጠቆጡት ብዙ ቀንበጦች ውስጥ ጠንካራና ቀጥ ያሉት ሁለት ሦስቱ ይመረጣሉ፤ የቀሩት ተቆርጠው ለማገዶ ይውላሉ። የተመረጡትም የታችኛው ቅርንጫፋቸው በየጊዜው ይመለመላል እንጂ አናታቸው አይነካም። ቅርንጫፉን በሙሉ ለአጥር የጨፈጨፈ ገበሬ ዛፉ ቢያቆጠቁጥለትም ለተወሰኑ ዓመታት ጥላውንም፣ የከብቱን ፍሬም ያጣል። ከዘር በበቀለው ቡቃያ ላይ ትልቁ ጠላት ማረሻ ነው፤ ስለዚህ ከእርሻ በፊት በየቡቃያው አጠገብ ረዘም ያለ እንጨት ተክሎ ምልክት ማድረግ ያሻል፤ እሾሁም ገና ለጋ ስለሆነ ፍየል እንዳይደርስበት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት በእሾህ አጥር ይከለላል።