የጎዳና ፍጥነት ሲቀነስና ለአውቶቡስ መስመር ሲለይ ነጋዴው የሚያገኘውና የሚያጣው

አንድ ነጋዴ ሱቁ በሚገኝበት ጎዳና ላይ የተሽከርካሪ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎሜትር እንዳይበልጥ መወሰኑን፣ ወይም ከጎዳናው ስፋት ከፊሉ ለአውቶቡስ ብቻ ሊለይ መሆኑን በሰማ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ገበያው ነው። ደንበኛው አውቶሞቢሉን የሚያቆምበት ቢያጣ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄድብኛል፤ ዕቃ የሚያመጣው ካሚዮን ይዘገይብኛል፤ ኪራዩና ግብሩ ግን እንደ ቀድሞው ይጠበቅብኛል ብሎ ይሠጋል። ይህ ሥጋት ከንቱ ነው ሊባል አይቻልም። ሽያጩ ለአንድ ወር እንኳ የቀነሰበት ሰው የሠራተኛውን ደመወዝና የባንክ ዕዳውን ከየት እንደሚከፍል ማሰቡ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በልኬት ያልተመረመረ ሥጋት ነጋዴውን የሚጠቅመውን ነገር ጭምር እንዲቃወም ያደርገዋል። ስለዚህ ነገሩን በየክፍሉ ለይተን፣ በሌሎች አገሮች ከታየው ጋራ እያመዛዘንን እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፍጥነት

በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በእያንዳንዱ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄደው ግን ከ8 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ነጂው ሰው ወደ መንገዱ መግባቱን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሴኮንድ ያልፋል እንበል። መንገዱ ደረቅ ጎማውም ደኅና ከሆነ፣ በ30 የሚሄደው በጠቅላላው 13 ሜትር ገደማ ተጉዞ ይቆማል፤ በ50 የሚሄደው ግን እስኪቆም ድረስ 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከመኪናው 13 ሜትር ርቆ አንድ ተሸካሚ ጆንያ በጫንቃው ይዞ ቢሻገር፣ የመጀመሪያው ነጂ አጠገቡ ሲደርስ ይቆማል፤ ሁለተኛው ግን ፍሬኑን ገና ሳይረግጥ በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል። የግጭቱም ኀይል የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ የ50ው ምት ከ30ው ምት ሦስት ጊዜ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

በንግድ ጎዳና ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚሻገረው ሰው ደንበኛችን፣ ተሸካሚያችን ወይም ለሻይ የወጣው የሱቃችን ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የመንግሥታት ሚኒስትሮችና ልዑካን፣ እግረኛና ተሽከርካሪ ተቀላቅለው በሚንቀሳቀሱበት ስፍራ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎሜትር እንዳይበልጥ ያሳሰቡት ስለዚህ ነው። በኦስትሪያ የምትገኘው የግራትስ ከተማ ይኸን ደንብ ከዋና ዋና መንገዶቿ በቀር በከተማው ሁሉ የዘረጋችው አስቀድሞ በ1992 ነበር። እስፓኝም በግንቦት 2021 በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ላላቸው የከተማ ጎዳናዎች ሁሉ ይኸንኑ ወሰን በሕግ አጸናች። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ፣ የመኖሪያ ሰፈሮችና የመካከለኛው ከተማ ጎዳናዎች አብዛኞቹ ወደ 30 ከወረዱ በኋላ፣ በ2019 አንድም እግረኛ በተሽከርካሪ አደጋ አልሞተም። እስከ ሐምሌ 2025 በነበሩት 12 ወራትም በከተማይቱ መንገዶች ላይ በትራፊክ አደጋ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ይህ ውጤት የተገኘው በወሰኑ ብቻ አይደለም፤ የመንገድ ጥገና፣ የፖሊስ ቁጥጥርና መልካም የሕዝብ ማመላለሻም ረድተዋል።

ነጋዴው ግን «ዕቃዬስ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ መልሱ በሒሳብ ይገኛል። ከመጋዘን እስከ ሱቅ 6 ኪሎሜትር ያለውን መንገድ አንድ ካሚዮን በየትም ሳይቆም በሰዓት 50 ኪሎሜትር ቢሄድ በ7 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይጨርሰዋል፤ በ30 ቢሄድ 12 ደቂቃ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 5 ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን በገበያ ሰዓት ሳይቆም የሚሄድ ካሚዮን ያየ ማን ነው? ይኸንኑ 6 ኪሎሜትር በግማሽ ሰዓት የሚጨርስ ካሚዮን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎሜትር ብቻ ነው። ጊዜውን የሚበላበት የመስቀለኛ መንገድ ጥበቃ፣ በመንገድ ዳር ተደርቦ የቆመ መኪናና የማራገፊያ ስፍራ ፍለጋ ነው። በሁለት መብራቶች መካከል ፈጥኖ የተጓዘ ነጂ በሚቀጥለው መብራት ቀስ ብሎ ከመጣው ጋራ ጎን ለጎን ይቆማል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለካሚዮን ነጂም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ወሰኑ ያለ ምርጫ በየቦታው ሲወድቅ ቅሬታ ማስነሣቱ አይቀርም። በመስከረም 2023 የዌልስ መንግሥት ቤት በተሠራባቸው ጎዳናዎች ላይ ፍጥነት በጠቅላላው በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎሜትር ገደማ፣ እንዲሆን በወሰነ ጊዜ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የተቃውሞ ፊርማ አስመዘገበ። በኋላም መንግሥቱ አንዳንድ ዋና መንገዶች ወደ ቀድሞው ወሰን እንዲመለሱ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። ከዚህ የምንማረው፣ ዝቅተኛው ፍጥነት ሰው ለሚበዛበት ጎዳና ተገቢ ሲሆን፣ ለረዥም ጭነት የተመደቡት መንገዶች ግን ተለይተው መታወቅ እንዳለባቸው ነው።

ለአውቶቡስ ስለሚለይ መስመር

በአንድ የመንገድ መስመር ላይ በሰዓት 800 አውቶሞቢሎች ቢያልፉና በእያንዳንዱ ሁለት ሰው ቢቀመጥ፣ መስመሩ 1,600 ሰው አሳለፈ ማለት ነው። በዚያው ስፋት በየደቂቃው አንድ አውቶቡስ 60 ሰው ይዞ ቢያልፍ 3,600 ሰው ያልፋል፤ በሁለት አውቶቡሶች መካከል ያለውም ቦታ ባዶ ይታያል። ተመልካች «መንገዱ ያለ ሥራ ተቀምጧል» የሚለው ይኸን ባዶነት አይቶ ነው። ነጋዴ ግን መቁጠር ያለበት ጎማውን ሳይሆን ገዢውን ነው።

በዚህ ረገድ ጎልቶ የሚጠቀሰው በብራዚል የምትገኘው የኩሪቲባ ከተማ ታሪክ ነው። በ1971 ከንቲባ ሆነው የተሾሙት የሕንፃ ጥበብ ባለሙያ ዣይሜ ሌርኔር፣ የከተማይቱን ዋና የገበያ ጎዳና፣ የኖቬምበር 15 ጎዳና የተባለውን፣ ለተሽከርካሪ ዘግተው ለእግረኛ ብቻ ለማድረግ አሰቡ። ባለሱቆቹ «ገበያችን ይሞታል» ብለው ተቃወሙ። ከንቲባው በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታግዶ እንዳይቀር በመሥጋት፣ በ1972 አንድ ዓርብ ማታ ሥራውን አስጀምረው በ72 ሰዓት ያህል አስጨረሱት። አንዳንድ ባለአውቶሞቢሎች ጎዳናውን በመኪናቸው ለማስመለስ በዛቱ ጊዜ ሕፃናት በመንገዱ ላይ በተዘረጋ ወረቀት ሥዕል ሲሥሉ አገኙአቸውና ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ትልቁን ትምህርት ይዟል፤ ተቃዋሚ የነበሩት ባለሱቆች ገዢው በእግሩ እየተመላለሰ መብዛቱን አይተው፣ ለእግረኛ የተለየው ክፍል እንዲራዘም ራሳቸው ጠየቁ።

በ1974 ደግሞ የአውቶቡሱ መስመር ተከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዋናው ጎዳና መካከል ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር አለ። በግራና በቀኙ ቀስ ብለው የሚሄዱ መኪናዎች የሚያልፉባቸው ጠባብ መንገዶች ተሠርተዋል፤ በእነርሱ አማካይነት ሱቆቹ ዕቃ ያገባሉ፣ ደንበኛም ይደርሳል። ረዥም ርቀት በፍጥነት የሚጓዘው ተሽከርካሪ ግን በወዲያና በወዲህ አንድ አንድ ጎዳና አልፎ በተዘረጉት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያስኬዱ መንገዶች ይሄዳል። ከዚህም ጋራ ከፍ ያሉ ሕንፃዎች በአውቶቡሱ መስመር ግራና ቀኝ እንዲሠሩ፣ ምድር ቤታቸውም ለሱቅ እንዲሆን የከተማው ፕላን ደነገገ። ከዚህ የተነሣ መስመሩ ለባለሱቁ ደንበኛ የሚያመላልስለት ሆነ። በ1991 ተሳፋሪ ቲኬቱን አስቀድሞ ከፍሎ የሚጠብቅባቸው ቱቦ መሳይ ጣቢያዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሁለት ማጠፊያ የተያያዙ ረዣዥም አውቶቡሶች ተጨመሩ። በ2015ም የመካከለኛው ከተማ ፍጥነት በሰዓት ወደ 40 ኪሎሜትር ወረደ።

ይህም ሲባል ኩሪቲባ ጉድለት የላትም ማለት አይደለም። የአውቶሞቢሉ ቁጥር ከመጨመር አልተገታም፤ አውቶቡሶቹም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይጨናነቃሉ፤ ወደ ሌላ ማጓጓዣ የዞረ ተሳፋሪም ብዙ ነው። መስመር መለየት ብቻውን አይበቃም፤ በመስመሩ ላይ በቂና ንጹሕ አውቶቡስ ዘወትር መመላለስ አለበት።

ደንበኛው በምን ይመጣል?

አብዛኛው ባለሱቅ ደንበኛዬ በአውቶሞቢል ነው የሚመጣው ብሎ ያምናል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ፣ ግሎስተር ሮድ በተባለው የሱቆች ጎዳና፣ በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ይኸን እምነት ከእውነቱ ጋራ አነጻጽሮታል። ባለሱቆቹ ከመቶ 41 ደንበኞች በመኪና ይመጣሉ ሲሉ ገመቱ፤ ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን በመኪና የመጡት ከመቶ 22 ብቻ ሆነው ተገኙ። እንደዚሁም ባለሱቆቹ ከግማሽ ማይል ባነሰ ርቀት የሚኖሩት ደንበኞች ከመቶ 12 ናቸው ብለው ሲያስቡ፣ በእውነት የተገኙት 42 ነበሩ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። በአውቶሞቢል የመጣው ደንበኛ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይገባልና ይታያል፤ ስለ ማቆሚያም ያማርራል። በእግሩና በአውቶቡስ የመጣው ግን ያለ ወሬ ገዝቶ ይወጣል።

ስለ ዕቃ ማራገፍ

ነጋዴው በእውነት ሊቆምለት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። አዲስ መስመር ሲቀለም ማራገፊያው ከተረሳ፣ ካሚዮኑ ወይ በአውቶቡሱ መስመር ላይ ቆሞ መቀጫ ይከፍላል፣ ወይ በሩቅ አራግፎ ለተሸካሚ ተጨማሪ ሒሳብ ያስከፍላል። ይህም ወጪ በመጨረሻ በዕቃው ዋጋ ላይ ይታከላል።

በኒውዮርክ ከተማ በ14ኛው ጎዳና በጥቅምት 2019 የተደረገው ሥርዓት ይኸን ችግር አስቀድሞ ያሰበ ነው። በቀኑ ክፍል ጎዳናው ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ቅድሚያ ሰጠ፤ የግል አውቶሞቢል ሰው ለማውረድ ወይም ለማሳፈር ገብቶ በቅርቡ መታጠፊያ እንዲወጣ ተገደደ። የአካባቢው ነዋሪዎች መኪናው ሁሉ ወደ ጎን መንገዶች ይጎርፍብናል ብለው በፍርድ ቤት በመክሰሳቸው ሥራው ለጥቂት ወራት ዘግይቶ ነበር። ከተጀመረ በኋላ ግን አውቶቡሶቹ ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው ሲደርሱ፣ በጎን መንገዶቹ ላይ የታየው መዘግየት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በ2020ም ሥርዓቱ ቋሚ ተደረገ። ለነጋዴው ዋናው ነገር ካሚዮኑ ከአውቶቡሱ ጋራ እንደ ባለመብት መቆጠሩ ነው።

የእኛ አባላት ምን መጠየቅ ይገባቸዋል?

በአዲስ አበባም ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ የተለየ መንገድ እንግዳ ነገር አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በጎዳናዎች መካከል የራሱን መስመር ይዞ ያልፋል። በሐዲዱ ግራና ቀኝ የሚነግዱ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ መስመሩ ብዙ ሕዝብ ሲያመላልስ፣ መሻገሪያው በራቀበት ቦታ ደግሞ ማዶ ያለው ደንበኛ ማዶ ይቀራል። ስለዚህ ወደፊት በማናቸውም ጎዳና ላይ ፍጥነት ሊቀነስ ወይም መስመር ሊለይ ሲታሰብ፣ ነጋዴው በጠቅላላው «አይሆንም» ከማለት ይልቅ የሚከተሉትን በጊዜው ቢያቀርብ ይጠቅመዋል።

1ኛ. በየጎዳናው ክፍል የማራገፊያ ስፍራና ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን፤ ከተቻለም በማለዳና በማታ ይሁን።

2ኛ. የእግረኛ መሻገሪያ ከሱቆች ፊት እንዳይርቅ ይደረግ።

3ኛ. ሥራው በክፍል በክፍል ተከፍሎ በአጭር ጊዜ ይለቅ። ገበያን ከመስመሩ ይልቅ የሚጎዳው ለወራት ተቆፍሮ የሚተው ጎዳና ነው።

4ኛ. ለአውቶቡስ የተለየው መስመር በግል አውቶሞቢል እንዳይያዝ ቁጥጥሩ ዘወትር ይሁን፤ አለዚያ ነጋዴው ማቆሚያውን ያጣል፣ በምትኩ የሚያገኘው ደንበኛ ግን አይመጣም።

5ኛ. እያንዳንዱ ባለሱቅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሳምንት፣ ካለቀም በኋላ ለአንድ ሳምንት፣ ገዢው በእግር፣ በአውቶቡስ፣ በታክሲ ወይም በግል አውቶሞቢል መምጣቱን እየጠየቀ ከዕለቱ ሽያጭ ጎን ይመዝግብ።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። መዝገብ ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ ነጋዴ ቃሉ ይሰማል፤ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ጉዳቱን በቁጥር ያስረዳል፤ ጥቅም አግኝቶ እንደሆነም እንደ ኩሪቲባ ባለሱቆች ሥራው እንዲራዘምለት ይጠይቃል።